የላላ መገጣጠሚያ

ምንትዋብ ቀሚስ ስትለብስ እንኳ ትከሻዋ ውልቅ ይላል። መገጣጠሚያዎቿን የሚያላላው ሕመም እንደማይድን ከተነገራት ወዲህ፣ የቻይና መርፌ ሕክምና የተማረችው ርብቃ ዘንድ ትመላለሳለች። ርብቃ ሕመሟን በመርፌ ታስታግስላታለች፤ አቅሟን ቆጥባ ከሕመሙ ጋር መኖርንም ታስተምራታለች።

አንድ ቀን የምንትዋብ እናት አብራት መጣች። «ስንፍና ነው እንጂ ምን በሽታ አለባት!» ስትል የኖረች ሴት ናት።

ርብቃ «ይሄ ሕመም በዘር ይመጣል» አለችና የእናትየውን አውራ ጣት ይዛ አጠፈችው። ጣቱ ልክ እንደ ልጇ ጣት ተለምጦ ክንዷን ነካ።

«እማማ፣ እርስዎንም ያምዎታል?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነዋ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?»

እናትየው ግራ ገብቷት አንዴ ርብቃን፣ አንዴ ልጇን አየች።

«የማያመው ሰው አለ እንዴ?»