ዘብ የቆመለት የዝይ ጫጩት

የአገር ትልልቅ ጉዳይ ሞልቶ ሳለ ስለ አንድ የዝይ ጫጩት በማውራቴ አንባቢን በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የጫጩቱ ነው።

ዘመኑ ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ሰሞን ነው። ወይዘሮ ዙሌካ ላፍቶ ውስጥ በአንዲት የቀበሌ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። መተዳደሪያቸው ለአንድ የውጭ አገር ኤክስፐርት ልብስ ማጠብ ነው። ኤክስፐርቱ ግቢው ውስጥ ዝይ ያረባ ነበር። አንድ ቀን ውሾች አጥር ጥሰው ገቡና ዝይቱን ከነልጆቿ ፈጇት። የተረፈው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ወይዘሮ ዙሌካ ጉያቸው ከትተው ወደ ቤት አመጡት።

በዚያው ሳምንት ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ ገሠሠ ከቡታጅራ መልእክት ደረሰ። የወይዘሮ ዙሌካ ልጅ ኑሪ ከምልምሎች መኪና ላይ ዘሎ ጠፍቷል። ቡታጅራ አያቱ ዘንድ ያደገ ነውና ላፍቶ ውስጥ መልኩን የሚያውቅ የለም። መድረሻው ግን እናቱ ቤት እንደሚሆን አያጠራጥርም። ከተያዘ እሱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር፣ የደበቀችው እናቱ ወደ እስር ቤት ነው።

የመጀመሪያውን ጥቆማ ያመጣችው ጎረቤታቸው ተሾመች ናት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በግድግዳው ሰማኋት። ‹ብላልኝ ልጄ፣ ትናንት እኮ በርዶህ ነበር› ትላለች።»

«ሌላስ?»

«‹ደጅ እንዳትወጣብኝ፣ ይበሉሃል› አለችው።»

«ማነው የሚበላው?» ጓድ ገሠሠ ጠረጴዛውን መቱ። «ይሄ በቀጥታ እኛን ነው!»

ታጣቂዎች ቤቱን ከበቡ። ፍራሽ ተገለበጠ፣ ጆንያ በሳንጃ ተወጋ። በመጨረሻ ከአልጋው ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ በአሮጌ ሹራብ የተጠቀለለ ባለ ቢጫ ፀጉር ተፈላጊ ተገኘ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የዝይ ጫጩት ነው ጌታዬ። እናቱ ሞታበታለች።»

«ጌታዬ ብሎ ነገር ቀርቷል፤ ጓድ ነው የሚባለው! ይሄንን ነው ልጄ የሚሉት?»

«ታዲያ ጓድ ልበለው?»

ታጣቂዎቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። ጓድ ገሠሠ ግን በአንድ ጫጩት የሚታለሉ ሰው አልነበሩም።

«ከነገ ጀምሮ በርዎ ላይ ዘብ ይቆማል! አሁኑኑ ለከፍተኛው አሳስባለሁ» ብለው ሄዱ። ከፍተኛው የአካባቢው ቀበሌዎች ሁሉ አለቃ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሲመጡ፣ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ፣ ቆመጥ የያዘ፣ ኮፍያውን ቅንድቡ ድረስ የደፋ ቀጭን ዘብ በሩ ላይ ተገትሯል። ስሙን ሮበሌ አለ።

«ከየት ነው የተላክኸው?»

«ከላይ!»

ከላይ የመጣን ሰው ከየትኛው ላይ ነህ ብሎ መጠየቅ በዚያ ዘመን ለጤና ጥሩ አልነበረም።

እናት የሌለውን የዝይ ጫጩት ማሳደግ እንደ ዶሮ ልጅ ቀላል አይደለም። የእንቁላል አስኳል ተፈርፍሮ በፉርሽካ ይለወስለታል። ጎመን ይከተፍለታል። ውኃው በሰርዲን ቆርቆሮ እንጂ በሳፋ አይቀርብለትም፤ የእናቱ ላባ ቅባት ስላልነካው ገላው በስብሶ ይሰምጣል። ወይዘሮ ዙሌካ ይህን ሁሉ ቻሉበት። ብቻ የሚያሰናዱት ምግብ በዛ።

ተሾመች ተመልሳ መጣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጭብጥ ለማትሞላ ወፍ አንድ ድስት ሽሮ ይሠራል?»

ጓድ ገሠሠ በምሳ ሰዓት ከተፍ አሉ። ድስቱ ተጠርጓል።

«ማን በላው?»

«ጫጩቱ» አሉ ወይዘሮ ዙሌካ።

ጓድ ገሠሠ ወደ ዘቡ ዞሩ። «እውነት ነው፣ ጓድ ሮበሌ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሽሮ ላይ ምሕረት የለውም።»

«የገባ የወጣ ሰውስ?»

«ከእኔ በቀር በዚህ በር ያለፈ የለም።»

«በሽሮ ገዝታዋለች!» አለች ተሾመች ከአጥሩ ማዶ። «ልጇ ኮርኒሱ ላይ ነው!»

ኮርኒሱ ተቀደደ። የወረደው አቧራና አንዲት አይጥ ነው። ጫጩቱ ደንግጦ እየተንገዳገደ ሮጠና በዘቡ ጫማዎች መሐል ተሸጎጠ።

«እናቱ አድርጎሃል እኮ!» ብለው ጓድ ገሠሠ ሳይወዱ ሳቁ።

ከከፍተኛው ካድሬው ጓድ ደገፋ ለጉብኝት መጡ። ዘቡን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ጠንካራ ልጅ ነው ያቆማችሁት» አሉ። ጓድ ገሠሠ ምስጋና ለባለቤቱ የሚመልሱ ሰው አልነበሩምና አንገታቸውን ሰበር አድርገው ተቀበሉ።

በመጨረሻ ተፈላጊው ኑሪ ወደ ኬንያ ሳይሻገር እንዳልቀረ ተወስኖ ጉዳዩ ተዘጋ። የጓድ ገሠሠ ቂም ግን አልተዘጋም። ጎረቤቱን ሰብስበው ፍርድ ሰጡ።

«ዘቡ ከዚህ አይነሳም! ምሳው፣ ራቱ፣ ማደሪያውም በእርስዎ ነው። አብዮቱን ላደከሙበት ቅጣት ይሁንዎ!»

ወይዘሮ ዙሌካ ደረታቸውን ደቁ። «ያ አላህ! ልብስ አጣቢ ነኝ እኮ! ይሄንን የሚያህል ጎረምሳ በምን አቅሜ ልቀልበው?»

«ወፉን በቀለቡበት!»

ሰዉ አዘነ። ተሾመች እንኳ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሁሉም ተበትኖ በሩ ሲዘጋ ወይዘሮ ዙሌካ ትሪውን አቀረቡና «በል ኮፍያህን አውልቅና ብላ፣ ኑሪ ልጄ» አሉ፤ አደራችሁን፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት፣ በተለይ ለተሾመች።