የቨርን አረንጓዴ ቀለሃዎች

ቨርን ሀውገን ቀለሃ አይጥልም። ሌላው የሸለቆው አዳኝ ኃይለኛ የማግነም ጥይቱን ቀለሃ ሦስት አራት ጊዜ ተኩሶ ሲወረውረው፣ ቨርን አንዱን ቀለሃ እየሞላ አሥር ጊዜ ይተኩስበታል። ሰዉ ንፉግ ይለዋል። እሱ ግን፣ «ንፉግነት አይደለም፣ እጅ ነው» ባይ ነው።

«ቀለሃ እንደ ሚስት ነው» ይላል ቢራ ሲቀምስ። «ካለልክ ከጨመቅካት ወገቧ ላይ ትበጠሳለች።»

ወንዶቹ ይንከተከታሉ። ሚስቱ ኦፓል አትስቅም።

ብልሃቱ ይኸው ነው። የተተኮሰ ቀለሃ ጠመንጃው ውስጥ ያብጥና የጠመንጃውን ልክ ይይዛል። መልሶ ባሩድ ሊሞላው ሲል ሌላው ሰው ወደ ድሮ ልኩ ለመመለስ መጭመቂያው ውስጥ እስከ ጥግ ይደፍቀዋል። ቨርን ግን የቀለሃውን ትከሻ ፀጉር ታህል ብቻ ዝቅ አድርጎ ይተወዋል። ብዙ የተጨመቀ ቀለሃ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ከቂጡ ከፍ ብሎ ውስጥ ውስጡን ይሳሳና ቀለበት ያወጣል። እዚያ ላይ የተበጠሰ ቀን እሳቱ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው።

ቀለበቱን ከውጭ ዓይን አያየውም። ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን ሽቦ ውስጡ ተከቶ ነው የሚዳሰሰው። የቨርንን ጣቶች ደግሞ የሞንታና ውርጭ በልቷቸው ደንዝዘዋል። ስለዚህ ሽቦው የኦፓል ሥራ ሆነ።

ከወንዙ ማዶ ኤመት የሚባል ፈረስ አርቢ አለ፤ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ጥርሱ የሚያምር። እሱና ቨርን በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ መንታ ጠመንጃ ገዝተዋል፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው ልክ ነው። ለሁለቱም የሚሞላው ቨርን ነው። የራሱን ቀለሃዎች ቂጥ አረንጓዴ ይቀባል፣ የኤመትን ቀይ።

ቨርን ለከብት ጨረታ ከተማ በሄደ ቁጥር የኤመት ፒካፕ ከጎተራው ጀርባ ይቆማል። በመንገድ ለሚያልፍ አይታይም። በጎን በኩል መስኮት ላለው ጎረቤት ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ቨርን ምስኪን፣ ምንም አያውቅም» ይባል ነበር። ኦፓልም እንደዚያው ታስብ ነበር፣ የአጋዘን አደን ሊከፈት ሁለት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ። ያን ቀን ሦስቱ እራት ላይ ተቀምጠው ቨርን ድንቹን እየቆረሰ፣

«ዘንድሮ ለኤመት የማይረሳው ነገር አዘጋጅቼለታለሁ» አለ።

«ደግሞ ምን መጣ፣ ሽማግሌው?»

«ተራራው ላይ ታየዋለህ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ቤት ያደረግከውን ሳስብ ከርሜ ነው።»

ኤመት ሳቀ። የኦፓል ሹካ ከእጇ ወደቀ።

በማግስቱ ቨርን ኮፍያውን ደፍቶ ወደ ከተማ ሲወጣ፣ «አረንጓዴዎቹን ዳስሺልኝ» አላት። ስለ ቀዮቹ ትንፍሽ አላለም። ለምን? ኦፓል የሥራ ክፍሉ ገባች። ሃያዎቹ አረንጓዴዎች መጭመቂያው አጠገብ ተደርድረዋል። ሃያዎቹ ቀዮች ግን ጥግ ላይ፣ የቁርጥራጭ ብረት ባልዲው ክዳን ላይ፣ ከመዶሻው ጎን ተሸሽገዋል።

አንዱን ቀይ አንስታ ሽቦዋን ከተተች። ሽቦው ያዝ አደረጋት። ቀለበት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሃያው በሙሉ። አረንጓዴዎቹን ዳሰሰች፤ አንድም እንከን የለም።

«አንተ እባብ!» አለች ባዶው ክፍል ውስጥ። «ዓይኑን ልታጠፋው ኖሯል!»

አልጮኸችም፣ ወደ ኤመትም አልሮጠች። ቀለሙን በቤንዚን አጠበችና ቀዩን አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ቀይ አድርጋ ቀባች። እያንዳንዱን እንደነበረ መለሰች።

«ሞት ወደ ላኪው» አለች እጇን እየጠረገች።

ቨርን ከጠመንጃ ሱቅ ትንሽ የወረቀት ከረጢት ይዞ ተመለሰ።

«ዳሰስሻቸው?»

«አንድ በአንድ።»

«አረንጓዴዎቹ ቀለበት የላቸውም?»

«እንደ ሕፃን ጉንጭ ናቸው።»

«እጅሽ ይባረክ። ካንቺ እጅ ሌላ አላምንም እኮ።»

ከዚያ ከሥራ ክፍሉ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ኦፓል ጆሮም አልሰጠችው፤ የጥቁር ቀሚሷን ጠርዝ እያሳጠረች ነበር። ለኤመት ረጅም ቀሚስ አይጥመውም።

አደኑ በተከፈተ ቀን ሁለቱ በኤመት ፒካፕ ወጡ። ኤመት ከቨርን ጀርባ ሆኖ ጠቀሳት። ረፋዱ ላይ ከተራራው አንድ ተኩስ ተሰማ፤ ሁለተኛ አልተደገመም። ኦፓል መስኮቷ ሥር ቆማ ሽንኩርት ከተፈች። ቀኑ እኩል ሲሆን ፒካፑ አቧራውን እያቦነነ ሲመጣ ብታይ፣ ሽንኩርቱን ዓይኗ ላይ አሸት አሸት አድርጋ እየጮኸች ወጣች።

«ወይኔ ቨርን! ወይኔ ባሌን!»

የሹፌሩ በር ተከፈተ። ቨርን ወረደ፣ ያለ ሸሚዝ። ሸሚዙ ከኋላ የተጋደመው ኤመት ፊት ላይ ተጠቅልሎ ደም አርሶታል።

«አምቡላንስ ጥሪ! ሁለቱም ዓይኖቹ…»

ኦፓል የፒካፑን ጎን ያዘች። «በየትኛው ጥይት ነው… የማንን ጥይት ነው የተኮሰው?»

«የእኔን ነዋ! የሱ ቀዮች ስላረጁ በመዶሻ ጨፍልቄያቸው፣ ለራሴ አዲስ ገዝቼ፣ አንቺ በእጅሽ የዳሰስሻቸውን አረንጓዴዎቼን ለወዳጄ ሰጠሁት።»