የባንኩ ፕሬዚዳንት ሐዘን

ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለሰፈሩ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያሠራው የባንክ ፕሬዚዳንት፣ ግቢው ውስጥ በተተከለው የእድር ድንኳን ብቻውን ተቀምጧል። ባለመኪኖቹ ወዳጆቹ ከቀብር መልስ ንፍሮ ቀምሰው እንደሄዱ አልተመለሱም። ሐዘንተኛ ነውና ወጥቶ ሰው መፈለግ አይችልም።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ አቶ ደባልቄ ገቡ።

«ጋሽ ደባልቄ፣ ጎረቤት ምነው ጨከነብኝ? ምን በደልኩ?»

«ኧረ እርስዎ ምን በደሉ። ከትልልቅ እንግዶችዎ ጋር እየተጋፋን እንዳናሳፍርዎ ብዬ ነው። ሁልጊዜ በጡሩምባ የምናስነግረው ‹የቀረ ይቀጣል› ብለን ነው፤ ለእርስዎ ግን ‹የሄደ ይቀጣል› ብዬ አስነገርኩልዎ።»

ፕሬዚዳንቱ ከጎኑ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገ።

«እንግዲያስ እርስዎ እንኳ ጥቂት ይቀመጡ።»

«አይሆንም ጌታዬ፣ የሰው ቦታ አልይዝም» አሉና እጅ ነስተው ወጡ።