ከግርጌ የሰፈረው ምንጭ

የታሪክ መምህሩ በአንድ ነገር ቀልድ አያውቅም። ተማሪው ድርሰት ይጻፍ ልቦለድ፣ ከግርጌ ምንጩን ካላሰፈረ ዜሮውን ታቅፎ ይገባል። ዛሬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ያስጻፋቸውን ልቦለዶች ሲሰበስብ፣ እንደ ልማዱ ከላይ ያገኘውን አንሥቶ በዚያ ሻካራ ድምፁ ለክፍሉ ማንበብ ጀመረ። የፍሬገነት ነበር።

ጎህ ሳይቀድ ወታደሮች አንድ የፖላንድ ገበሬ ቤት ሰብረው ይገባሉ። ሰውየውን እየጎተቱ ሲያወጡት ነፍሰ ጡር ሚስቱ ጫማውን ይዛ ትከተላለች። አዛዡ መንገድ ላይ ያስቆማታል። «ተይው እትዬ፣ እሱ የሚሄድበት አገር ጫማ አያስፈልግም።»

እዚህ ላይ የመምህሩ ድምፅ ሰለለ።

«ጥሩ... ጥሩ ምናብ ነው» አለና ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

ፍሬገነት ከኋላ ወንበር ተነሣች። «ቲቸር፣ ምንጩን አላነበቡትም።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። መምህሩ ወረቀቱን መልሶ ዘረጋና ዓይኑን ወደ ግርጌው ጣለ።

«ምንጭ፦ እናቴ። የአዛዡን ፊት በጨለማው አላየችም። ድምፁን ግን ባለፈው ቅዳሜ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሰማችው።»