ቅቤው ኮብሪው ጋ ሲደርስ

ዘሃራ ክንዷን በሁለቱ ኮንቴይነሮች መሃል ባለው ስንጥቅ አሾልካ ትጣራለች። «ሳሊህ፣ እጅህን ስደድ።»

ከብረቱ ወዲያ የሳሊህ ጣቶች ጣቶቿን ያገኟቸዋል። የጓደኛዋ የሬሕማ ባል ነው፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከባሕሪ ተነስቶ ኮብሪውን፣ ድልድዩን፣ በእግሩ ተሻግሯል።

«እንዴት አደረች?»

«ወተቷ አልወረደም። ልጁ ያለቅሳል። ጎረቤት ያመጣላትን የመዲዳ ገንፎ አልቀምስም፣ የእናቴን ቅቤ ካልሆነ ትላለች።»

ቅቤው የዘሃራ እጅ ላይ ነው። የሬሕማ እናት ከወሎ ስትልከው «ካርቱም ለዘሃራ ስጡልኝ» አለች። ምስኪን፣ ካርቱም ያው ካርቱም መስሏት ነው፤ ከተማውን ወንዝ ሦስት ቦታ እንደቆረጠው በምን ታውቃለች። ሾፌር ለሾፌር እየተቀባበለው መተማን አለፈ፣ ገዳሪፍን አለፈ፣ ዘሃራ የምትሠራበት ዐማራት ሰፈር ደረሰ። ያን ሁሉ ተራራ ወርዶ የቀረው አንድ ወንዝ ነው። ከመፈንቅለ መንግሥቱ ወዲህ ግን ሰልፍ ባለ ቁጥር ወታደሮቹ ኮብሪውን በኮንቴይነር ይዘጉታል። ዕቃ ሊያመላልስ የተሠራ ሣጥን ዕቃ ይከለክላል፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

«ጣሳው አያልፍም» ትላለች።

«ፌስታል ውስጥ ገልብጪው፣ እህቴ።»

ሙቀቱ አላልቶታል። ፌስታሉን እንደ አንጀት አስረዝማ ስታሾልክ አንድ ወታደር መጥቶ አጠገቧ ይቆማል።

«ዳ ሽኑ?» ይላል፤ ምንድነው ይሄ?

«ሰምን፣ ያ ወለዲ። ሊነፍሳ» ትለዋለች። ቅቤ ነው፣ ለአራስ። እንዳይነጥቃት ፌስታሉን አጥብቃ ትይዛለች።

ወታደሩ ግራና ቀኝ ያያል። ለአራስ የማይራራ አገር የለም። «ያላ፣ ያላ» ብሎ ያጣድፋትና ፊቱን ወደ ወንዙ ያዞራል።

መሃል ላይ ፌስታሉን ሹል ብረት ይይዘዋል፤ ይቀደዳል። ሳሊህ ከወዲያ በመዳፉ እየቀለበ ይጎትተዋል።

«ገባልኝ። ትንሽ ፈሰሰ እንጂ ይበቃታል፣ ኢንሻአላህ።» ወዲያው ሲሮጥ ይሰማታል።

ብረቱ ላይ የቀረውን ዘሃራ በጣቷ ጠርጋ ትሰበስበዋለች። የእናት ቅቤ አይጣልም። የምታደርግበት ብታጣ እጇን ከጠርሃዋ፣ ከራስ መሸፈኛዋ፣ ሥር ሰዳ አናቷን ትቀባዋለች።

ሽታው ሲያገኛት ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ታለቅሳለች። አገሯ ሳለች አናቷን የምትቀባት እናቷ ነበረች። በገዛ እጇ ስትቀባ የመጀመሪያዋ ነው።