ቀዩ የትኛው ነው?

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝና በቃ ጨረስን፣ ጋሼ» አለች የስልክ መደብሩ ሠራተኛ ሳምሪ፣ ወረቀቱን በባንኮኒው መስታወት ላይ ወደ ሸማኔው ተስፋሁን እየገፋች።

ተስፋሁን እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ፊት ለፊቱ ሁለት ስልክ ተቀምጧል። አንዱ የራሱ ነው፤ ገና ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ማንም ሳይነካው ለማያውቀው ሰው ሁሉ መደወል የጀመረው። ሌላው በዋራንቲ የመጣለት ቅያሪ ነው። መንታ እንኳ እንዲህ አይመሳሰልም።

«አዲስ ነው አይደል?»

«አዲስ አይደለም፣ የታደሰ ነው።»

«አሮጌ ነው በይኛ።»

«አሮጌም አይደለም። ተበላሽቶ የተመለሰን ስልክ ፋብሪካው ይከፍተዋል፣ የተበላሸውን ይቀይራል፣ ፈትሾ መልሶ ይልከዋል። ለዋራንቲ የሚሰጠው እሱ ነው።»

አዲስም አሮጌም ያልሆነ ዕቃ ተስፋሁን በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ ወይ አሁን ከሸማኔው እጅ የወጣ ነው፣ ወይ የተለበሰ ነው፤ መሃል ቤት የለውም። ልጅቷ ግን ትሑት ስለሆነችበት ሊከራከራት አልፈለገም። ፎቶዎቹ ሁሉ መተላለፋቸውን ይዩልኝ ስትለው፣ ሌላውን ሁሉ ዘሎ አንዷን ብቻ ፈለገ።

የሮሐ እናት ቀሚስ ጥለት ፎቶ ነው። ሮሐ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የፊታችን እሑድ ታገባለች። እናቷ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗል። ቀሚሱን በአርባዋ ለነዳያን ሰጥተውታል፤ የቀራቸው ይህ ፎቶ ብቻ ነው። በቴሌግራም ልካለት «ልክ እንደዚህ አድርገው ይሥሩልኝ፤ እማዬን ለብሻት ላግባ» ብላው ነበር።

በቅያሪው ስልክ ላይ ከፈተው። ጥለቱ የወይን ጠጅ ቀለም ነው። በራሱ ስልክ ላይ ከፈተው፤ ደማቅ ቀይ። ዓይኑን አሻሸና ሁለቱን ጎን ለጎን አስጠጋቸው። አሁንም አንዱ የወይን ጠጅ፣ አንዱ ቀይ።

«ይሄ ሌላ ፎቶ ነው» አላት።

«ያው ፎቶ ነው፣ ጋሼ። የእርስዎ ስክሪን ነው ያዛባው። ይኸው፣ ባለሙያው ጽፎታል።» ወረቀቱ ላይ በጣቷ እየተከተለች አነበበችለት፤ «ስክሪኑ በራሱ ይነካል። ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላል።»

«እኔ የነገርኳችሁ በራሱ ይደውላል ብዬ ነው። ስለ ቀለም ማን አነሳ?»

«ሲፈትሸው አገኘዋ።»

እጁ ሳያዘው ወደ ቦርሳው ሄደ። ጥለቱ እዚያ ውስጥ ነው፤ ከዚህ ሲወጣ ለልብስ ሰፊው ሊያደርሰው ታጥፎ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ቀን እግሩን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ የሠራው ነው። ክሩን ሲገዛም ይህንኑ ስክሪን ከነጋዴዋ የክር ክምር አጠገብ አስጠግቶ፣ ሦስቴ አስመልሶ፣ ተጨቃጭቆ ነው የመረጠው። አባቱ ቢኖር ይስቅበት ነበር። አባቱ ናሙና ከጨርቁ ጫፍ ተቆርጦ እጁ ላይ ካልተቀመጠለት ክር የሚባል አይገዛም ነበር። ተስፋሁን ግን ፎቶ አመነ።

«እስቲ ያንቺ ስልክ ላይ እንየው» አላት።

ላከላት። በሳምሪ ስልክ ላይ ቀይም የወይን ጠጅም አልሆነም፤ የሸክላ ቀለም ይዞ ወጣ። ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ «ቡናማ ነው እኮ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ተስፋሁን መናደድ አማረው፤ በማን እንደሚናደድ ግን ግራ ገባው።

«ልጅቷን ለምን አይጠይቋትም?» አለች ሳምሪ። እሷም ነገሩ ዞሮባታል።

ደወለላት። ሮሐ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መንገዱን ተሻግራ መጣች። ጥለቱ አልቆ ሊያሳያት የጠራት መስሏት ፊቷ ፈክቷል።

«የኔ ልጅ፣ የእናትሽ ጥለት ምን ዓይነት ቀይ ነበር?»

«እንደ ፎቶው ነዋ፣ ጋሼ።»

«የትኛው ፎቶ?»

ሦስቱን ስልኮች ደረደረላት። ሮሐ አንደኛውን አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ ወደ አንደኛው ተመለሰች። የራሷን አውጥታ ከፈተች፤ አራተኛ ቀለም መጣ። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

«ያኔ ያነሳኋት በሌላ ስልክ ነው፤ እሱ ተሰርቋል» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ጋሼ፣ ረሳሁት እንዴ? የገዛ እናቴን ቀሚስ?»

ሳምሪ አንገቷን ደፋች። ተስፋሁን አፈረ። ስልክ ሊያስቀይር መጥቶ ልጅቷን እናቷን ቀማት። ‹የተበላሸ ስልክ አምኜ ነው የሠራሁት፣ ልጄ፤ ቀለሙን እኔም አላውቀውም› ብሎ እውነቱን ሊነግራት ወሰነ። እሑድ ቀሚሱ ቢቀርባት፣ ሌላ ለብሳ ብታገባም ይሻላል፤ ሰው እንዴት በውሸት እናቱን ይለብሳል?

እሷ ግን ቀደመችው። ቦርሳው አፍ ላይ ብቅ ያለውን ጨርቅ አይታ ጎተተችው። ይዛው ወደ በሩ ሄደች፤ ከደጅ የሚገባው ፀሐይ ላይ በሁለት እጇ ዘረጋችው። ጥለቱን በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው።

«ይሄ ነው» አለች። «በጥምቀት ስትለብሰው... አዎ፣ ይሄ ነው።»

ሮሐ ጨርቁን ደረቷ ላይ እንደያዘች ወደ ተስፋሁን ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አይደል፣ ጋሼ?»

የሮሐን እናት አንድም ቀን አይቷት አያውቅም።

«ነው፣ ልጄ» አላት። «ራሱ ነው።»