ባዶው ክፍል

ክልሉ ገና አዲስ ነው፣ አሶሳ ላይ ቤት የለም። ለመንግሥት ሠራተኛ ተብሎ የደረሰን አንዲት ክፍል ናት። እኔ ልወልድ አንድ ወር ቀርቶኛል። ባሌ አስናቀ ግን የልጁ አልጋ የሚገባበት ጥግ ላይ የጥንቸል ቤት አሠራ፣ ከቀርከሃ፣ ባለ ሦስት ክፍል።

«ጥንቸሎቹ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ወንድ። ሦስተኛው ለምንድነው?» አልኩት።

«ቦታ ቢተርፍ ምን ይጎዳል?»

አናጢው ማህጁብ ሳቀ። «እህቴ፣ ጥንቸል ካንቺ የተሻለ ቤት አገኘ።»

ጠዋት ጠዋት የጥንቸሎቹን ሽንት ሳጥብ ሽታው ያስመልሰኛል።

ዛሬ ነጮቹ ጥንቸሎች በየክፍላቸው እንደተዘጉ ናቸው። ባዶው ክፍል ውስጥ ግን ጎጆ ተሠርቷል፣ በለሃጭ ከተለወሰ ጥቁር ፀጉር። የእኔን የፀጉር ቅባት ይሸታል።

«ልጄን እዚህ አላስተኛም። ይሄን ነገር አውጣልኝ» አልኩት።

«ከሥራ ስመለስ። አትነጫነጪ» ብሎኝ ወጣ።

እስኪመለስ አልጠበቅኩም። ጎጆውን ልጥለው እጄን ሰደድኩ። ውስጡ ይሞቃል። ጥርስ የሌለው ድድ ጣቴን ያዘና መጥባት ጀመረ።

እጄን ልነጥቅ ስል ቀሚሴ ደረቴ ላይ በወተት ራሰ።